ዩሪያው የት ገባ? በጎጃም አፈር ውስጥ የሟሚ ጉዞን ሞዴል ማድረግና ከዳታ ወደ ኋላ መፍታት፣ ከሀ እስከ ፐ

ሜጫ ወይ ቡሬ አካባቢ በቆሎ የዘራ ገበሬ ዩሪያውን ጨምሮ ቤቱ ይገባል፣ ሐምሌ ሰማዩ ይቀደዳል፣ ከዛ በኋላ ያ በስንት ልፋት የተገዛ ናይትሮጅን ሥሩ ጋ ይቅር ወደ ታች ይውረድ ማንም በዓይኑ አያየውም። ዩሪያ በክብደቱ 46 ፐርሰንት ናይትሮጅን ነው፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ። እሱ ነው ሳናየው የሚሄደው። እኔ ይሄን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ሂሳቡ የገባሁት እና አሁን ለምትጀምሩት ልጆች እኔ ስጀምር ቢነገረኝ የምወደውን ሁሉ ልጽፍላችሁ ነው፣ ረጅም ነው ግን ታገሱኝ፣ ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር እንለይ። አፈሩን ካወቅነው፣ ውሃው በስንት ፍጥነት እንደሚሄድ ካወቅን፣ ጨው ከላይ ጨምረን ከታች መቼ ስንት ይወጣል ብሎ ማስላት ፎርዋርድ ፕሮብሌም ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ኢንቨርስ ፕሮብሌም የሚባለው ግልባጩ ነው፣ ከታች የወጣውን ለክተን አፈሩ ምን አይነት እንደሆነ መጠየቅ። ጠላ ቀምሶ ጌሾው ስንት እንደነበር እንደመናገር በሉት። መረረ፣ እሺ፣ ግን የመረረው ጌሾ ስለበዛ ነው ወይስ ብዙ ቀን ስለቆየ? ምላሳችሁ የሚያውቀው መምረሩን ብቻ ነው፣ ሁለቱን መለየት የሚቻለው ጠማቂዋን "መቼ ነው የጠነሰስሽው?" ብሎ በመጠየቅ ነው። ይቺን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ሙሉ ጽሁፉ እሷ ላይ ነው የሚዞረው።

ሞዴሉ ምንድነው

በአፈር ውስጥ የሚሄድ ሟሚን (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ወይ ማዳበሪያ) የሚወስኑት ነገሮች ብዙ አደሉም። ውሃው ይዞት ይሄዳል፣ ይሄ አድቬክሽን ነው። አንዱ ቀዳዳ ሰፊ ሌላው ጠባብ ስለሆነ አንዳንዱ ይቀድማል አንዳንዱ ይዘገያል፣ በዛ ላይ የራሱ የሞለኪውል ስርጭት አለ፣ ሁለቱ ተደምረው ዲስፐርሽን ይባላሉ። አፈሩ ራሱ ይዞ ያቆየዋል፣ ይሄ ሪታርዴሽን ነው። እና በመንገድ ላይ የሚጠፋ አለ፣ ለምሳሌ ናይትሬት ውሃ በተኛበት መሬት ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይሄዳል። የውሃውን ክፍል ዳርሲ በ1856 ነው የፈረንሳይዋ ዲዦን ከተማ ላይ በአሸዋ ቱቦ ለክቶ ያወጣው፣ የስርጭቱን ደግሞ ፊክ በ1855። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተን ነው የምንጠቀመው።

በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ በአንድ ቦታ ላይ የሟሚው መጠን በጊዜ የሚቀየርበት ልክ፣ በሪታርዴሽን ቁጥሩ ተባዝቶ፣ እኩል ይሆናል ከዲስፐርሽኑ የሚመጣው ሲቀነስ ውሃው ይዞት የሚሄደው ሲቀነስ የሚጠፋው። በቃ እሱ ነው። ምልክት ልስጣቸው፣ ከዚህ በኋላ ደጋግሜ ስለምጠራቸው፦ ፍ የውሃው ፍጥነት በቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ ስ ዲስፐርሽኑ፣ ዘ የመዘግየት ቁጥሩ፣ ጠ የመጥፋት ፍጥነቱ፣ ል የቱቦው ርዝመት።

ዘ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ጎጃም ላይ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚ ጋ ነው። ብዙ መጽሐፍ ላይ "ክሎራይድና ናይትሬት ከአፈር ጋር አይያያዙም፣ ዘ 1 ነው" ብለው ያልፉታል። ለብዙ አገር አፈር ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ቀይ አፈሩ አሲዳማ ነው፣ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አለበት፣ እንደዚህ ያለ አፈር አሲዳማ ሲሆን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያወጣል፣ በተለይ ኦርጋኒክ ነገር ባነሰበት ከሥር ባለው ንብርብር ላይ፣ ስለዚ ናይትሬትን ትንሽም ቢሆን ይዞ ያቆያል፣ ዘ ከ1 በላይ ይወጣል። ዋልካው (ጥቁር አፈሩ) ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ሸክላው ኔጋቲቭ ስለሆነ ክሎራይድን ይገፈትረዋል፣ ክሎራይዱ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ መግባት ትቶ በሰፊው መሀል መሀሉን ስለሚሄድ ከውሃው ራሱ ቀድሞ ይወጣል፣ ዘ ከ1 በታች ይሆናል። ያው አንድ ጨው፣ ሁለት አፈር፣ አንዱ ያዘገየዋል አንዱ ያስቀድመዋል። እና ሌላም አለ፣ ለአሲዱ ተብሎ ኖራ ሲጨመር ፖዘቲቭ ቻርጁ ይቀንሳል፣ ስለዚ ኖራው በደረሰበት ጥልቀት ዘ ወደ ታች ይወርዳል። ኖራ አይጨመር እያልኩ አደለም፣ ኖራ ያስፈልጋል፣ ግን የኖራና ያለኖራ አፈርን በአንድ ዘ አትስሩ።

ቱቦውን መሥራት

110 የሚባለው የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል። እኔ የምሰጣችሁ ምሳሌ የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ፣ የአፈሩ ርዝመት 30 ሴንቲ የሆነ ነው። ስፋቱ 78.5 ስኩዌር ሴንቲ፣ ጠቅላላ ይዘቱ 2356 ሚሊ ሊትር። አፈሩን በነፋስ አድርቁ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ፣ እርጥበቱን ለኩ፣ ከዛ በደረቅ ክብደት 1.2 ግራም በሚሊ ሊትር እንዲሆን 2.83 ኪሎ ደረቅ አፈር የሚያክል በሁለት በሁለት ሴንቲ እየጨመራችሁ ጠቅጥቁ። በየንብርብሩ ፊቱን ጫር ጫር አድርጉት፣ አለበለዚያ ንብርብሩ መሀል ላይ ድንበር ይሰራና ውሃው እዛ ጋ ያመነታል። የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ግሪስ ቀብታችሁ አሸዋ አልብሱት፣ ካልሆነ ውሃው አፈሩን ትቶ ጥግ ጥጉን ይሾልካል።

ውሃውን ከታች ወደ ላይ ነው የምታስገቡት፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይፍጅ። ከላይ ካፈሰሳችሁ አየር ይታመቃል፣ የታመቀ አየር ደግሞ ኋላ ላይ ሂሳቡን የሚያበላሽ ሌባ ነው። ዝናብ ውሃ ወይ ዲስቲልድ አትጠቀሙ፣ ሸክላው ይበተንና ቀዳዳው ይደፈናል። የገበታ ጨውም አይሆንም፣ ሶዲየሙ ያንኑ ያደርጋል። ካልሲየም ክሎራይድ ነው ጥሩው፦ ለመነሻው (አፈሩን መጀመሪያ ለምታጥቡበት ውሃ) በሊትር 0.002 ሞል፣ ለትሬሰሩ (ኋላ ጉዞውን ለምትከታተሉት ጨዋማ ውሃ) 0.01 ሞል፣ ሁለት ውሃ ያለውን አይነት ከያዛችሁ 0.294 ግራምና 1.47 ግራም በሊትር ማለት ነው። ሁለቱም ካልሲየም ስለሆኑ የምትከታተሉት ፊት ንጹህ የክሎራይድ ጉዞ ይሆናል፣ በካታዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ባላቸው እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ) ልውውጥ አይበጠበጥም።

ፓምፕ ከሌላችሁ አትጨነቁ። ማሪዮት ጠርሙስ (አየር በአንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ የሚገባበት የታሸገ ጠርሙስ) ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስቀሉና ሐኪም ቤት ግሉኮስ የሚሰጡበትን ባለ መንኮራኩር ቱቦ አስገቡበት፣ ፍሰቱን በሱ አስተካክሉ። ይሄ ከፓምፕ የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ሙከራው ሁለት ሌሊት ስለሚፈጅ መብራት ሲጠፋ ማሪዮቱ ምንም አይሰማውም፣ መሬት እስከሳበው ድረስ ይወርዳል።

የምትፈልጉት ፍሰት በሰዓት 78.5 ሚሊ ሊትር ነው እንበል፣ ማለትም በሰዓት 1 ሴንቲ። መነሻውን ውሃ ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ (በጨዉ ልክ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት መጠን) መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ አሳልፉ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ሦስት አራት ጊዜ የሚተካ ያህል ይፈጃል። ቱቦውን በውሃ ከመሞላቱ በፊትና ከተሞላ በኋላ መዝኑት፣ ልዩነቱ ላይ አፈሩ ከመጀመሪያው የነበረውን እርጥበት ደምሩበት፣ በውስጡ ያለው ውሃ እሱ ነው። በእኛ ምሳሌ 1178 ሚሊ ሊትር፣ የይዘቱ 0.50። ይሄ ቁጥር አንድ "ሙሌት" ይባላል፣ ከዚህ በኋላ ጊዜን በሰዓት ሳይሆን በሙሌት ነው የምንቆጥረው። ፍጥነቱ 1 ሲካፈል ለ0.50፣ 2 ሴንቲ በሰዓት፣ ስለዚ አንድ ሙሌት 15 ሰዓት ነው።

አሁን በቅጽበት ወደ ትሬሰሩ ቀይሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ የሚወጣውን በየ59 ሚሊ ሊትሩ (በየ45 ደቂቃው ገደማ) በጠርሙስ ያዙ። ሦስት ሙሌት ድረስ ቀጥሉ። ለኮንዳክቲቪቲ ሜትሩ ማረጋገጫ 0.01 ሞል ፖታሲየም ክሎራይድ በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ማንበብ አለበት። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ንባቡን 2 ፐርሰንት ገደማ ያዛባል፣ ስለዚ ሌሊት የቀዳችሁትን ሌሊት አትለኩት፣ ሁሉም ጠርሙስ አንድ ክፍል ውስጥ አድሮ እኩል ከሞቀ በኋላ አንድ ላይ ለኩ። ከመሀላቸው አስር የሚሆኑትን በብር ናይትሬት ቲትሬት አድርጋችሁ ክሎራይዱን በቀጥታ አረጋግጡ።

ከንባቡ ላይ የመነሻውን ቀንሱ፣ በትሬሰሩና በመነሻው ልዩነት አካፍሉ፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን ቁጥር ጠርሙሱ በሞላበት ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ መሞላት በጀመረበትና ባለቀበት መሀል ላይ አስቀምጡ። እና የማገናኛ ቱቦዎቹን ውሃ ቀንሱ! ከአፈሩ በፊትና በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ቢኖር ከሙሌቱ 0.05 ነው፣ ይሄ በቀጥታ ዘ ላይ ይጨመራል፣ እንደኛ ቀይ አፈር ዘ 1.26 ለሆነ ነገር አፈሩ የያዘውን ወደ አንድ አምስተኛ አጋነናችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ከርቩ ላይ አይታይም፣ ከርቩ ያው ቆንጆ ነው።

መጀመሪያ በእርሳስ

ቁጥሮቹን ስትስሉ የኤስ ቅርጽ ያለው ብሬክስሩ ከርቭ ይወጣል። ወደ ኮምፒውተር ከመሮጣችሁ በፊት በእጅ ስሩት፣ እለምናችኋለሁ። ከርቩ 0.16 ላይ የደረሰበትን ሙሌትና 0.84 ላይ የደረሰበትን ሙሌት አንብቡ። በእኛ ምሳሌ 0.88 እና 1.64።

ሁለቱን አባዙና ስኩዌር ሩት ውሰዱ፦ √(0.88 × 1.64) = 1.20። ይሄ የዘ ግምት ነው። ከዛ የሁለቱን ስኩዌር ሩት ልዩነት ውሰዱ፣ 1.281 − 0.938 = 0.343፣ ስኩዌር አድርጉት፣ 0.117። ሁለት ጊዜ ዘ ለዚህ ሲካፈል 2.40 ÷ 0.117 = 20.5፣ ይሄ የፔክሌት ቁጥር ነው፣ ፔ እንበለው፣ ማለትም ፍ ሲባዛ ል ሲካፈል ለስ። 30 ሴንቲ ለ20.5 ስታካፍሉ 1.46 ሴንቲ፣ ይሄ ዲስፐርሲቪቲ ነው፣ በፍጥነቱ ስታባዙት ስ ይወጣል፣ 2.9 ስኩዌር ሴንቲ በሰዓት። በወንፊት ተነፍቶ ለተጠቀጠቀ ቱቦ ከግማሽ እስከ ሁለት ሴንቲ የተለመደ ስለሆነ 1.46 ያስኬዳል። 8 ሴንቲ ቢወጣባችሁ ኖሮ ግድግዳው ጋ ሽልኮታ አለ ወይም አጠቃጠቁ ተበላሽቷል።

ይሄ የእርሳስ ዘዴ ከፎርሙላው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስለሚጠቀም ዘን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ፔ 20 ሲሆን 5 ፐርሰንት ገደማ። ለመነሻ ግምት ግን ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተር

ሙሉው ፎርሙላ ይሄ ነው፣ ግ የሚወጣው አንጻራዊ መጠን፣ ሙ የሙሌት ብዛት፦

ግ = ½ × ኢአርኤፍሲ[ √(ፔ ÷ (4 × ዘ × ሙ)) × (ዘ − ሙ) ] + ½ × ኤክስፖኔንሻል(ፔ) × ኢአርኤፍሲ[ √(ፔ ÷ (4 × ዘ × ሙ)) × (ዘ + ሙ) ]

ኢአርኤፍሲ (ERFC) የሂሳብ ፈንክሽን ነው፣ ኤክሴል ውስጥ አለ። ኦጋታና ባንክስ በ1961 ያወጡት መፍትሄ ነው፣ እስካሁን እንጀራችን ነው። አንዱን ዓምድ ሙሌት፣ አንዱን የለካችሁት፣ አንዱን በፎርሙላው የተሰላ፣ አራተኛውን የልዩነቱ ስኩዌር አድርጉ፣ ድምሩን ከታች አስቀምጡ፣ ከዛ ሶልቨርን (ኤክሴል ውስጥ ያለውን መልስ ፈላጊ) "ዘ እና ፔን እየቀያየርክ ይሄን ድምር አሳንስልኝ" በሉት። ፓይተን የምታውቁ በሳይፓይ ከርቭ ፊት ሦስት መስመር ነው። ከጀርባ የሚሰራው ዘዴ ሌቨንበርግ በ1944 ጀምሮት ማርኳርት በ1963 ያስተካከለው ነው፣ ሃይድረስ ዋን ዲ (በአፈር ውስጥ የውሃና የሟሚ ጉዞን የሚያሰላ ሶፍትዌር) ራሱ ኢንቨርሱን የሚፈታው በሱ ነው። ዘ ወደ 1.26 ይጠጋል፣ ፔ እዛው 20 አካባቢ ይቀራል። ከዘ ላይ 1 ቀንሱ፣ በ0.50 አባዙ፣ ለ1.2 አካፍሉ፣ 0.11 ሚሊ ሊትር በግራም፣ ይሄ አፈሩ ክሎራይዱን የሚይዝበት ልክ ነው።

እስከዚህ የመጣ ሰው ጨረስኩ ይላል። እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ላይ ፍንም ስንም ዘንም ሦስቱንም ለሶልቨሩ ለቀቅኩለት፣ ፊቱ (ሞዴሉ ከዳታው ጋር የገጠመበት ልክ፣ 1 ፍጹም ነው) 0.99 ነበር፣ ዘ 1.7 ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ግራፉን በከለር አትሜ ወሰድኩ። አማካሪዬ ግራፉን እንኳ በደንብ ሳያዩት "ውሃው በሰዓት ስንት ነበር የሚወርደው?" አሉኝ። ደብተሬ ላይ ፍጥነቱ 2 ሴንቲ ነው፣ ሶልቨሩ ያገኘው 2.7። ፊቴ ነደደ። አፈሩ ክሎራይዱን የሚይዝበትን ልክ ስንት እጥፍ እንዳጋነንኩት ሳሰላው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያ ቁጥር ሄዶ የሆነ ሰው የማዳበሪያ ምክር ላይ ቢገባስ ኖሮ? ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። 2.7 ለ1.7 ስታካፍሉ 1.59 ነው፣ 2 ለ1.26 ስታካፍሉም 1.59 ነው። ከርቩ የሚያውቀው ፍ ሲካፈል ለዘ እና ስ ሲካፈል ለዘ ብቻ ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው እኛ ሦስት ጠየቅነው። ፈጣን ውሃ በሚያዘገይ አፈር እና ቀስተኛ ውሃ በማያዘገይ አፈር ከታች ለተቀመጠው ጠርሙስ አንድ ናቸው። ይሄ የመሳሪያ ጥራት ጉዳይ አደለም፣ ሺህ ናሙና ብትወስዱም፣ ስህተት የሌለው መሣሪያ ብታመጡም ከከርቩ ብቻ አይለይም። ያው ጠላው ነው፣ ምላስ ብቻውን አይለየውም፣ "መቼ ጠነሰስሽው" ተብሎ መጠየቅ አለበት። የእኛ "መቼ ጠነሰስሽው" የፍሰቱ መለኪያ ሲሊንደርና የቱቦው ሚዛን ነው። ፍሰትን በሲሊንደር፣ ውሃ ይዘትን በሚዛን ለኩና ቆልፏቸው፣ ለሞዴሉ በሌላ መንገድ ሊለካ የማይችለውን ብቻ ስጡት።

አዳማር የሚባል ፈረንሳዊ የሂሳብ ሰው አንድ ጥያቄ በደንብ ቆመ የሚባለው መልስ ሲኖረው፣ መልሱ አንድ ብቻ ሲሆን እና ዳታው ትንሽ ሲነቃነቅ መልሱም ትንሽ ብቻ ሲነቃነቅ ነው ብሏል። ከላይ ያየነው ሁለተኛው ሲጎድል ነው። ሦስተኛው ሲጎድል ደግሞ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ጥያቄውን ገልብጡት፦ አፈሩን አውቀዋለሁ፣ ከታች የወጣውንም ለክቻለሁ፣ ከላይ መቼ መቼ ስንት ስንት ተጨምሮ ነበር? ዲስፐርሽን ጫፍ ጫፉን ሁሉ አለስልሶ ስላጠፋው ወደ ኋላ ስትሄዱ የ1 ፐርሰንት የመለኪያ ስህተት ተራራ ያክላል፣ ኔጋቲቭ ማዳበሪያ ሁሉ ይሰጣችኋል። እዛ ጋ ነው የቲኮኖቭ ሬጉላራይዜሽን የሚያስፈልገው፣ ማለትም ከልዩነቱ ድምር ላይ "መልሱ በጣም አይንቀጥቀጥ" የሚል ቅጣት መጨመር። ቅጣቱ ስንት ይሁን ለሚለው፣ ሞዴሉ ከዳታው የሚርቀው በመለኪያችሁ ስህተት ልክ እስኪሆን ድረስ ጨምሩት፣ ከዛ በላይ ካስጠጋችሁት ስህተቱን ራሱን ነው ፊት የምታደርጉት። የአምስት ንብርብር አፈር ዘ በአንድ ጊዜ ስትፈልጉም ያንኑ ዘዴ ተጠቀሙ፣ ጎረቤት ንብርብሮች ያለ ምክንያት እንዳይራራቁ።

ፊቱን መፈተን

እውነተኛ ዳታ ከመንካታችሁ በፊት የውሸት ዳታ ስሩ። ዘ 1.3 ፔ 25 ብላችሁ ራሳችሁ ከርቭ አመንጩ፣ 2 ፐርሰንት ስህተት በራንደም ጨምሩበት፣ ከዛ ሶልቨሩ 1.3 እና 25ን መልሶ ያገኝ እንደሆነ እዩ። ካላገኘ እውነተኛው ዳታ ላይም አያገኝም። ግን ዳታውን ያመነጫችሁበትና የምትፈቱበት ኮድ አንድ ከሆነ፣ አንድ አይነት ግሪድ (ቱቦው ለሂሳብ የሚቆራረጥበት ቁራጭ) ከሆነ፣ ፈተናው ራሱ ራሱን እያረመ ነው (ኢንቨርስ ክራይም ይሉታል)፣ ስለዚ በፎርሙላው አመንጭታችሁ በኒውመሪካል ኮዱ (ቱቦውን ቆራርጦ በሚያሰላው) ፍቱ።

ስለ ኒውመሪካል ካነሳን፦ ንብርብር ስላለ ወይ ውሃው ስለሚለዋወጥ ፎርሙላው ካልሰራ ቱቦውን ቆራርጣችሁ ፋይናይት ዲፈረንስ ትሰራላችሁ። አፕዊንድ የሚባለው ዘዴ አይወዛወዝም ብላችሁ ከመረጣችሁት የራሱን የውሸት ዲስፐርሽን እንደሚጨምር እወቁ፣ ልኩም ቢበዛ የፍጥነቱና የግሪዱ ብዜት ግማሽ ነው። በእኛ ፍጥነት 1 ሴንቲ ግሪድ ከተጠቀማችሁ እስከ 1 ስኩዌር ሴንቲ በሰዓት ይጨምራል፣ እውነተኛው 2.9 በሆነበት! ሶልቨሩ ከርቩን ለማስማማት ስን ወደ 1.9 ያወርደዋል፣ እናንተም የኮዱን ጉድለት የአፈሩ ጠባይ ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። ግሪዱን ግማሽ አድርጉና እንደገና ፍቱ፣ መልሱ ከተንቀሳቀሰ አሁንም ግማሽ አድርጉ፣ መንቀሳቀስ እስኪያቆም።

ከዛ ከተለያየ መነሻ ጀምሩ። ዘ 0.7፣ ዘ 1፣ ዘ 3፣ ፔ 5፣ ፔ 100። ሁሉም አንድ ቦታ ካልደረሱ ሶልቨሩ ወርዶ የሚያርፍበት ጉድጓድ ከአንድ በላይ ነው። የፓራሜትሮቹን ኮሪሌሽን (አንዱ ሲቀየር ሌላው አብሮ የሚቀየርበትን ልክ) እዩ፣ 0.95 ካለፈ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፣ አንዱን በሌላ መንገድ ለኩት። እና ፊቱ 0.99 ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ለኤስ ቅርጽ 0.99 ማምጣት ቀላል ነው። የቀረውን ልዩነት ብቻውን ሳሉት። እንደ ተበተነ ጤፍ ከሆነ መልካም፣ መጀመሪያ ላይ ከዜሮ በላይ መጨረሻ ላይ ከዜሮ በታች ሆኖ መስመር ከሠራ ግን አፈሩ "ሞዴላችሁ እኔን አይመስልም" እያላችሁ ነው።

ይሄ መስመር በብዛት የሚመጣው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከርቩ ቶሎ ይነሳና 1 ላይ ለመድረስ ይንቀራፈፋል፣ ረጅም ጭራ ይኖረዋል። ለዛ ቫን ጌኑክተንና ዊረንጋ በ1976 ያቀረቡት ሞባይል ኢሞባይል ሞዴል አለ፣ ውሃውን በሚሄድና በማይሄድ ከፍሎ መሀላቸው ጨው የሚለዋወጡበትን ፍጥነት ይጨምራል። ሁለት ተጨማሪ ፓራሜትር ነው፣ ስለዚ ያው የጠላው ጥያቄ ይመለሳል። የሚረዳው ነገር ሙከራው መሀል ላይ ፍሰቱን ለአንድ ሌሊት ዘግቶ ማሳደርና እንደገና መክፈት ነው፦ በማይሄደው ውሃ ውስጥ ልውውጥ ካለ መጠኑ ጠዋት ላይ ዘሎ ወይ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ከሌለ ምንም አይሆንም። ደግሞ ለዋልካ በወንፊት የተነፋ አፈር አይሆንም፣ ስንጥቁን ነፍታችሁ አጠፋችሁት እኮ፣ ቱቦውን ማሳው ላይ መትታችሁ እንዳለ አውጡት፣ እርጥበት ባለው ጊዜ።

ናይትሬት ከሆነ የምትለኩት ጠ ይጨመራል፣ ግን እሱ መልካም ጠባይ አለው። ከርቩ 1 ላይ አይደርስም፣ ዝቅ ብሎ ይረጋል፣ የሚረጋበት ከፍታ ዘን ጨርሶ አያውቀውም። 0.80 ላይ ከረጋ የ0.80 ናቹራል ሎጋሪዝም 0.223 ነው (ምልክቱን ትታችሁ)፣ በፍጥነቱ 2 አባዙ ለ30 አካፍሉ፣ ጠ ወደ 0.015 በሰዓት ይሆናል፣ ግማሹ በሁለት ቀን ገደማ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚ መጀመሪያ በክሎራይድ ዘን ያዙ፣ ከዛ በናይትሬት ጠን ብቻ ፈልጉ።

ወደ ማሳ

ዩሪያ ራሱ ሲገባ ቻርጅ የለውም፣ በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይቀየራል፣ አሞኒየሙን ሸክላው ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዛ ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ሲቀይረው ነው ጉዞው የሚጀምረው። ስለዚ ማሳ ላይ የሦስት እቃ ሰንሰለት ነው፣ ሃይድረስ ዋን ዲ ይሄን ሰንሰለት መሥራት ይችላል።

ለመጀመሪያ ግምት ግን ይቺ ትበቃለች፦ ከሥሩ በታች 100 ሚሊ ሜትር ውሃ ካለፈ፣ የአፈሩ ውሃ ይዘት 0.40 ቢሆን፣ ዘ 1 የሆነ ናይትሬት 25 ሴንቲ ይወርዳል፣ ዘ 1.26 ከሆነ 20 ሴንቲ ገደማ። ቆጋ መስኖ ላይ በበጋ የምትሠሩ ከሆነ የገባውን ውሃ በቦዩ መለካት ስለምትችሉ ይሄ ሂሳብ በጣም ይቀናል፣ በክረምት ግን ትነቱን ጎርፉን ሁሉ መቀነስ አለባችሁ። ዲስፐርሲቪቲውን ከቱቦው እንዳለ አትውሰዱ፣ ማሳ ላይ ከ5 እስከ 20 ሴንቲ ይሄዳል፣ እንደ ርቀቱ ያድጋል፣ ዘን ግን ለዛው ንብርብር መውሰድ ይቻላል።

ማሳው ላይ ክሎራይድ በትናችሁ ሦስት አራት ጊዜ በአፈር መሰርሰሪያ በየ10 ሴንቲው እስከ 1 ሜትር ናሙና ውሰዱ፣ ቢያንስ ከስድስት ቦታ፣ አንድ ጉድጓድ አይበቃም፣ በአንድ ጥማድ ውስጥ እንኳን አፈሩ ይለያያል። የጨመራችሁትን ክሎራይድና በናሙናው ያገኛችሁትን ደምራችሁ አስተያዩ፣ ከ80 ፐርሰንት በታች ካገኛችሁ ፊት ወደ ማድረግ አትግቡ፣ መጀመሪያ የጎደለው የት እንደሄደ ፈልጉ፣ በጎርፍ ሄዷል ወይ ከ1 ሜትር በታች ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ፊት አድርጉና ሦስተኛውን ደብቁት፣ ሞዴሉ ሦስተኛውን ሳያየው ከተናገረ ያን ጊዜ ለባለማሳው "ሁለተኛውን ዩሪያ በዚህ ሳምንት ጨምሩት" ማለት ትችላላችሁ። ካልተናገረ ደግሞ ወደ ቱቦው ተመለሱና በግማሽ ፍሰት፣ በሰዓት ግማሽ ሴንቲ፣ ድገሙት። ዘ ካልተቀየረ ጥሩ፣ ከተቀየረ ክሎራይዱ ከአፈሩ ጋር ለመያያዝ ጊዜ እያነሰው ነበር ማለት ስለሆነ ያንን የሚጨምር ሞዴል ይዛችሁ ፊት ማድረጉን እንደገና ጀምሩ።